ጫማዬን ያዞረልኝ ማን ነው?

(ደሴ ውስጥ በተካሄደ የቅዳሜ የውይይት መድረክ ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ፊት ወንበር ላይ የተደረደራችሁ የእንጨት ሥራ ተማሪዎቼ፣ እንደምን ዋላችሁ? የቅዳሜ ከሰዓት ዕረፍታችሁን ትታችሁ እኔን ለመስማት ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ይህን መድረክ ሳትታክቱ ያቆያችሁትን አዘጋጆችም ከልብ አመሰግናለሁ።

አዘጋጆቹ መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ጃፓን ዕድገት እንድናገር ነበር። ስለ ዕድገቱ የሚናገር የተማረ ሰው አይጠፋም። እኔ ለ26 ዓመታት መጋዝና መላጊያ ይዤ ያስተማርኩ አናጢ ነኝ። የምችለው ስላየሁትና ስለወደድኩት መናገር ነው። ጃፓንን እወዳለሁ። ሕዝቡን እወዳለሁ። ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። መጀመሪያ የሄድኩት ለሙያ ሥልጠና ነው፤ ናጎያ ከተማ አጠገብ ዐሥር ሳምንት ቆየሁ። ሁለተኛው ጉዞ ከስድስት ዓመት በኋላ ነው፤ ማንም ሳይልከኝ፣ ያጠራቀምኳትን ይዤ፣ ለሃያ ቀን። ያን ጊዜ ባለቤቴ «ደግሞ ምን ቀረህ?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። ተገቢ መልስ ሳልሰጣት ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሄድኩ። ይኸውና ዛሬ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች፤ መልሱን ከእናንተ ጋር ትስማው።

ሦስት ነገሮች አነሳለሁ። አንደኛ ስለ ደጃፍ፤ ሁለተኛ ስለ መጋዝ፤ ሦስተኛ ስለ ዛፍ። በመካከል ከመንገዴ ብወጣ ታገሡኝ፤ እመለሳለሁ።

በደጃፉ እጀምራለሁ።

ሥልጠናው በተጀመረ በሰባተኛው ሳምንት አንዱ አስተማሪያችን እሑድ ቀን ለምሳ ቤቱ ጋበዘኝ። ሰባተኛው ሳምንት ማለቴን ልብ በሉ። ጃፓኖች ሰውን ቶሎ ቤታቸው አይጠሩም፤ ከጠሩ ግን ለብዙ ቀን አስበውበት ነው። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የሚገኘው ከቤቱ ወለል ዝቅ ያለች ትንሽ ቦታ ናት፤ ጌንካን ይሏታል። ጫማ እዚያ ይወልቃል። እኛ ጫማ የምናወልቀው ቤተ ክርስቲያን ስንገባ፣ መስጊድ ስንገባ ነው፤ እነርሱ ሰው የሚኖርበት ቤት ሁሉ እንዲሁ ነው። እኔም አወለቅሁ። አንዱን ጫማ ወዲህ፣ አንዱን ወዲያ ጥዬ ወደ ላይ ወጣሁ።

ምሳ በላን። ከመብላታቸው በፊት እጃቸውን አጋጥመው «ኢታዳኪማስ» አሉ፤ በትሕትና እቀበላለሁ እንደ ማለት ነው። ከሞተው ዓሣ፣ ሩዙን ካበቀለው፣ ካበሰለው ሰው ሁሉ እቀበላለሁ ማለት ነው። ከዚያ ስወጣ ምን አገኘሁ? ጫማዎቼ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ አፍንጫቸው ወደ በሩ፣ ተረከዛቸው ወደ እኔ ዞሯል። እግሬን መክተት ብቻ ነው የቀረኝ። ማን ነው ያዞረልኝ? ዘወር ብዬ አየሁ፤ ማንም «እኔ ነኝ» አላለም። በኋላ ሌላ ቀን ተመልሼ ስሄድ አያቲቱን አየኋቸው። ሰማንያን ያለፉ እናት ናቸው። እኛ ወደ ውስጥ ስንዘልቅ ወደ ኋላ ቀረት አሉ፤ በርከክ ብለው የእያንዳንዱን እንግዳ ጫማ በሁለት እጃቸው እያነሡ አዞሩና ድምፅ ሳያሰሙ ተነሡ።

ወገኖቼ፣ ይህች ትንሽ ነገር ናት? ለእኔ ትንሽ አልነበረችም። እኔ ገና ምሳ ሳልቀምስ፣ ስወጣ እንዳልቸገር ታስቦልኛል። እንግዳ ሲመጣ መቀበልን እኛም እናውቃለን፤ ማንም አይበልጠንም። የእንግዳውን አወጣጥ፣ እርሱ ሳያይ፣ ምስጋናም ሳይጠብቁ ማሰናዳት ግን አዲስ ትምህርት ሆነብኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ዓይኔ ሌላ ሆነ። በሄድኩበት ሁሉ ያን የዞረ ጫማ ማየት ጀመርኩ።

ናጎያ ባቡር ጣቢያ ወለሉ ላይ ቢጫ ንጣፍ አለ፤ አንዳንዱ ጡብ ረጃጅም ሽንትር፣ አንዳንዱ ክብ ክብ እብጠት አለበት። ዓይነ ስውራን በዱላቸውና በእግራቸው እየዳሰሱ፣ ሽንትሩ ላይ ይሄዳሉ፤ እብጠቱ ላይ ቆም ብለው ይጠነቀቃሉ። የፈለሰፉት ሴይኢቺ ሚያኬ የተባሉ ጃፓናዊ ናቸው። መጀመሪያ የተነጠፈው ኦካያማ በተባለ ከተማ፣ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አጠገብ፣ በ1967 ነው፤ ዓ.ም. ካላልኩ የምቆጥረው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ዛሬ በብዙ የዓለም ከተሞች ይገኛል። ቢጫውን መንገድ ባየሁ ቁጥር እኒያ እናት ይታወሱኛል፤ በርከክ ብሎ የሌላውን ሰው እግር ማሰብ ነውና።

አንድ ቀን ደግሞ የንድፍ ደብተሬን ባቡር ውስጥ ረስቼ ወረድኩ። የስድስት ሳምንት ሥራዬ፣ የለካሁት፣ የሣልኩት ሁሉ እርሱ ውስጥ ነው። እንቅልፍ ሳይወስደኝ አደርኩ። በማግሥቱ አስተርጓሚያችን ወደ ጣቢያው የጠፉ ዕቃዎች ክፍል ወሰደችኝ። ሠራተኛው ቀለሙን ጠየቀ፣ መጠኑን ጠየቀ፣ ምን እንደተጻፈበት ጠየቀ፤ ወደ ውስጥ ገብቶ ተመለሰ። ደብተሬ ነው! ያን ዕለት ዝናብ ይጥል ነበር፤ ያገኘው ሰው በላስቲክ ጠቅልሎታል። በመካከሉ ያስገባኋት እርሳስ እንኳ በነበረችበት ገጽ ላይ ናት። ማን ነው ያገኘው? ስሙን አልተወም። ቶኪዮ ውስጥ ብቻ በ2023 ለፖሊስ የደረሰው የጠፋ ዕቃ ከ4 ሚሊዮን በላይ ነው። በየሠፈሩ ኮባን የሚባል ትንሽ የፖሊስ ቤት አለ፤ ሕፃናት መንገድ ላይ ያገኙትን ሳንቲም ሳይቀር እዚያ ወስደው እንዲሰጡ እየተማሩ ያድጋሉ።

ስለ ፈጣኑ ባቡር ብዙ ሰምታችኋል፤ አልደግመውም። በጥቅምት 1964 ሥራ እንደጀመረና ቶኪዮ ጣቢያ ሲደርስ የጽዳት ሠራተኞች በሰባት ደቂቃ ውስጥ ሙሉውን ባቡር አጽድተው፣ ወንበሮቹን ወደ ጉዞው አቅጣጫ አዙረው፣ ለተሳፋሪው እጅ ነሥተው እንደሚወርዱ ልንገራችሁና ልለፍ።

1964 ካልኩ አይቀር አንድ ታሪክ ልንገራችሁ፤ ከመንገዴ ወጣሁ፣ ይቅርታ።

ታካያማ በምትባል የተራራ ከተማ አውቶቡስ እየጠበቅሁ ነው። አጠገቤ አንድ ሸምገል ያሉ ሰው ተቀምጠዋል። ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። «ከኢትዮጵያ» አልኩ። ሽማግሌው ብድግ አሉ። «አበበ!» አሉ። ሌላ የጋራ ቋንቋ የለንም፤ «አበበ! አበበ!» ይላሉ፣ እኔም «አዎን፣ አበበ!» እላለሁ፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። አንዲት እንግሊዝኛ የምትችል ወጣት መጥታ አስተረጎመችልን። በ1964፣ በእኛ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ የቶኪዮ ኦሎምፒክ ማራቶን በተካሄደበት ቀን እርሳቸው ልጅ ነበሩ። ሯጮቹ ከቶኪዮ ወጥተው ቾፉ የምትባለው ቦታ ደርሰው በሚዞሩበት ጎዳና ዳር፣ ከአባታቸው ጋር ቆመው ነበር። አበበ ቢቂላ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ገና አምስት ሳምንቱ ነው። በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ፤ በኦሎምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። እንደገባም ሣሩ ላይ ሰውነቱን ማፍታታት ጀመረ። ከእርሱ በኋላ ስታዲየሙ የገባው የጃፓኑ ኮኪቺ ሱቡራያ ነበር፤ በገዛ ሕዝቡ ፊት፣ ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው በእንግሊዛዊ ተቀድሞ ሦስተኛ ወጣ።

ሽማግሌው ምን አሉኝ መሰላችሁ? «እኛ ትሕትናን ከአባቶቻችን እንማራለን፤ አበበ ፊቱ ሳይለወጥ ሲያልፍ ሳይ ግን አባቴ "ተመልከት" አለኝ» አሉኝ። አውቶቡሱ ሲመጣ ወገባቸውን አጥፈው እጅ ነሡኝ፤ ረጅም እጅ መንሣት። ለእኔ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ለአበበ ነው። በአበበ ስም ተቀበልኩ፤ እኔም እንደ አባቶቻችን ጎንበስ ብዬ አጸፋውን መለስኩ።

እግረ መንገዴን ደግሞ፦ በጃፓን ፍቅር የተያዝኩት እኔ የመጀመሪያው አይደለሁም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ልዑክ ሆነው ቶኪዮ ደርሰዋል፤ ያዩትንም በመጽሐፍ አሳትመዋል። በሐምሌ 1923 ዓ.ም. የታወጀው የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥታችን አብነት ያደረገው በ1889 የወጣውን የጃፓን ሕገ መንግሥት ነበር። «እነርሱ ባህላቸውን ሳይጥሉ ከሠለጠኑ እኛስ ምን ያግደናል?» የሚሉ ምሁራን ነበሩን። ከዚያ በኋላ የሆነውን ደግሞ መደበቅ የለብኝም፤ ፋሺስት ጣሊያን አገራችንን ሲይዝ የጃፓን መንግሥት በ1936 ወረራውን ዕውቅና ሰጠ። ይህ አያቶቻችንን አሳዝኗል፤ ያሳዝናልም። እኔ ዛሬ ስለ መንግሥት አልናገርም። ጫማ ስለሚያዞሩ እጆች ነው የምናገረው።

ወደ ሁለተኛው ነጥቤ ልሻገር፤ መጋዝ። ተማሪዎቼ፣ አሁን ጆሯችሁን ስጡኝ።

የሥልጠናችን ግማሽ በአንድ የቤተ መቅደስ አናጢ የሥራ ቤት ነበር። ሽማግሌ ናቸው፤ ሁላችንም ሰንሴይ፣ መምህር፣ እንላቸዋለን። በመጀመሪያው ቀን መጋዝና ጣውላ ሰጡኝ። ሃያ ዓመት ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ መጋዙን ያዝኩና ገፋሁ። መጋዙ ተጣመመ። እንደገና ገፋሁ፤ እንደ ወረቀት ታጠፈ። ሰንሴይ አልሳቁም፣ አልተቆጡም። ከኋላዬ መጥተው እጄን ከነመጋዙ ያዙና ወደ ራሴ ሳቡት። «ሂኩ» አሉ። ሳብ።

የእኛ መጋዝ የሚቆርጠው ሲገፋ ነው። የእነርሱ የሚቆርጠው ሲሳብ ነው። መላጊያቸውም ወደ ራስ ይሳባል። ለምን? የሚገፋ ብረት እንዳይጣመም ወፍራም መሆን አለበት። የሚሳብ ብረት ግን እንደ ተወጠረ ገመድ ይቀናል፤ ስለዚህ በጣም ቀጭን አድርገው ይሠሩታል። ቀጭን ከሆነ የሚበላው እንጨት ጥቂት ነው፤ ሰጋቱራው ይቀንሳል፣ ቁርጡ እንደ ምላጭ ይጠራል። የሰንሴይ መላጊያ ከሂኖኪ ጣውላ ላይ የሚያነሣው ልጣጭ ከዚያኛው ጫፍ እስከዚህኛው አንድ ወጥ ሆኖ ይወጣል። አንሥቼ በዓይኔ ፊት ዘረጋሁት፤ በውስጡ መስኮቱ ታየኝ። ከነጠላ ይቀጥናል። ሂኖኪ የጥዳችን ዘመድ ነው፤ ሲላግ ሽታው ቤቱን ይሞላዋል።

አሁን ወደ ጫማው ልመልሳችሁ። ማታ ሥራ ሊያበቃ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ሁሉም ሰው ሥራውን ያቆማል። ይጠረጋል፣ ይወለወላል። ሰንሴይ ራሳቸው መጥረጊያ ይይዛሉ። በዚያ አገር የትምህርት ቤት ልጆችም ክፍላቸውንና መጸዳጃ ቤታቸውን ተራ ገብተው ያጸዳሉ፤ ይህን ሁላችሁም ሰምታችኋል። እኔን የገረመኝ የመሳያ ድንጋዩ ነው። መሮና መላጊያ የሚሳልበት በውኃ የሚረጥብ ድንጋይ አለ። ብዙ ሲስሉበት መካከሉ ይጎደጉዳል፤ በጎደጎደ ድንጋይ የተሳለ ብረት ደግሞ ቀጥ አይልም። እና ምን ይደረጋል? ብረቱን ስለህ ስትጨርስ ድንጋዩን ሌላ ድንጋይ ላይ አሽተህ ወደ ልኩ ትመልሰዋለህ። ለራስህ አይደለም፤ አንተ ጨርሰሃል። ነገ ጠዋት ለሚመጣው ሰው ነው። አንድ ማታ ደክሞኝ ሳላስተካክል ወጣሁ። በማግሥቱ ስገባ ድንጋዩ ተስተካክሎ ደርቆ ተቀምጧል። ማንም ምንም አላለኝም። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን ሳላስተካክል አልወጣሁም። ተማሪዎቼ፣ በየማታው ለምን እንደምጨቀጭቃችሁ አሁን ገባችሁ?

ታካያማ ያለችበት አገር የጥንት ስሙ ሂዳ ነው። ሂዳ ተራራማ ነው፤ ለግብር የሚሆን ሩዝና ጨርቅ እንደ ልብ አይገኝበትም። ስለዚህ ከ8ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ሕዝቡ በዕቃ ግብር ፋንታ አናጢ ወደ ዋና ከተማ እንዲልክ ተወሰነ፤ ከሃምሳ ቤት ዐሥር ሰው። አስቡት እስቲ! ግብሩ ሙያ ነው። የናራንና የኪዮቶን ቤተ መቅደሶች የሠሩት እነዚህ የገበሬ ልጆች ናቸው። ናራ አጠገብ ያለው ሆርዩጂ በዓለም ከቆሙት የእንጨት ሕንፃዎች ሁሉ የሚቀድም ነው፤ ወደ 1,300 ዓመት ሆኖታል።

ያን የጠገኑት ሱነካዙ ኒሺዮካ የተባሉ ስመ ጥር የቤተ መቅደስ አናጢ ነበሩ፤ በ1995 ዐርፈዋል። ከአያታቸው የተቀበሉት የአናጢዎች ምክር አለ፤ «ዛፍ አትግዛ፣ ተራራ ግዛ» የሚል። ዛፉ በደቡብ ገጽ የበቀለ ከሆነ በሕንፃውም ደቡብ ይቁም፤ በሰሜን የበቀለው በሰሜን። እንጨቱ ቆሞ የኖረበትን አቅጣጫ ያውቃልና አታደናግረው። ኒሺዮካ ናራ ውስጥ ያኩሺጂ ለተባለው ቤተ መቅደስ ተቃጥሎ የነበረውን የምዕራብ ግንብ እንደገና ሠሩ፤ በ1981 ተፈጸመ። ከጥንቱ የምሥራቅ ግንብ ጥቂት ከፍ አድርገው ነው የሠሩት። ተሳስተው ነው? አይደለም። እንጨት ከክብደቱ የተነሣ በብዙ መቶ ዓመት ዝቅ ይላል፤ ያን ጊዜ ከወንድሙ ጋር እኩል እንዲሆን ብለው ነው። ያን እኩልነት እርሳቸው አያዩትም። ልጃቸው አያየውም። የልጅ ልጅ ልጃቸው አያየውም። ግንቡን ቆሜ እያየሁ አንገቴ እስኪያመኝ ቀና ብዬ ቀረሁ።

ይህን ስሰማ የእኛው ይምርሐነ ክርስቶስ ትዝ አለኝ። ከዚህ ከደሴ ብዙ የማይርቅ፣ ላሊበላ አጠገብ በዋሻ ውስጥ ያለ፣ እንጨትና ድንጋይ ተደራርቦ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን። እዚያ ያለውን አግዳሚ እንጨት ማን አናጢ ጠረበው? ስሙን አናውቅም። ሰንሴይን ፎቶውን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ ተመለከቱ። የእንጨቱን ማዕዘን በጣታቸው እየነኩ «ይህ ሰው እጁ ጥሩ ነው» አሉ። ነበር አላሉም። ነው አሉ።

በመጨረሻው ቀን ቡና አፈላሁላቸው። ጀበናውን ከቤት ይዤ ነበር የሄድኩት። እዚያ አገር በአሮጌዎቹ ቡና ቤቶች የእኛ ቡና የሚታወቀው «ሞካ» በሚለው ስም ነው፤ የሐረር ሞካ፣ የሲዳሞ ሞካ እያሉ በዝርዝሩ ላይ ይጽፉታል። ሞካ የየመን ወደብ ነው፤ ቡናው ግን የእኛ ነው። ጥሬውን ቆላሁ፣ ጭሱን በየሰው አፍንጫ አዞርኩ፣ ወቀጥኩ፣ አፈላሁ። ሰንሴይ ሲኒውን በአንድ እጃቸው ደግፈው በሌላው ያዙት። ሲኒው ላይ በአንድ በኩል ብቻ አበባ ተሥሎበታል፤ እኔ አበባውን ወደ እርሳቸው አድርጌ ነው የሰጠኋቸው። አዩት፤ ቀስ ብለው ሁለት ጊዜ አዞሩትና አበባውን ወደ እኔ መልሰው በሌላኛው በኩል ጠጡ። በሻይ ሥርዓታቸው አስተናጋጁ የሳህኑን መልካም ገጽ ለእንግዳው ያዞራል፤ እንግዳው ደግሞ በዚያ ገጽ ላይ አፉን ማሳረፍ ድፍረት ነው ብሎ ያዞረዋል። አቦሉን ጠጡ፣ ቶናውን ጠጡ። ሦስተኛውን ስቀዳ ለምን ሦስት እንደሆነ ጠየቁኝ። «የመጨረሻው በረካ ነው፤ በረከት ማለት ነው» አልኳቸው። ሲኒውን ወደ ግንባራቸው ከፍ አድርገው «ኢታዳኪማስ» አሉ። በአቦሉ ላይ አንድ ጊዜ ብለውት ነበር፤ በበረካው ደገሙት።

ሦስተኛው ነጥቤ ዛፍ ነው።

ከናጎያ በባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ተጉዛችሁ ኢሴ ትደርሳላችሁ። እዚያ የጃፓኖች ታላቁ የሺንቶ መቅደስ አለ። እምነታቸው የእኔ እምነት አይደለም፤ በሰው ደጅ እንደሚቆም እንግዳ በአክብሮት ቆሜ አየሁ። መቅደሱ በአጥር የተከበበ ነው፤ ለጎብኚ የሚታየው የሣር ክዳኑና የጣሪያው ጫፍ ብቻ ነው። እኔን የያዘኝ ግን መቅደሱ አይደለም። አጠገቡ ያለው ባዶ ቦታ ነው። መጠኑ ከመቅደሱ ቦታ ጋር እኩል ነው፤ ነጭ ጠጠር ለብሷል፤ በመካከሉ የውሻ ቤት የምታህል የእንጨት መጠለያ ብቻ ቆማለች። ይህ ባዶ ቦታ ምንድን ነው? የሚቀጥለው መቅደስ ቦታ ነው።

በየሃያ ዓመቱ መቅደሱን እንደ አዲስ ይሠሩታል። ልክ እንደ ቀድሞው፣ በያንዳንዱ መገጣጠሚያ፣ አጠገቡ ባለው ባዶ ቦታ ላይ። ሲያልቅ አሮጌው ይፈርሳል፣ የእርሱም ቦታ ባዶ ሆኖ ሃያ ዓመት ይጠብቃል። ሥርዓቱ የተጀመረው በ690 ነው። በእርስ በርስ ጦርነት ምክንያት ከ120 ዓመት በላይ ተቋርጦ ነበር፤ እንደገና አነሡት። 62ኛው በ2013 ተፈጸመ። የሚቀጥለው በ2033 ነው፤ ዝግጅቱ ስምንት ዓመት ይፈጃል፣ በ2025 ተጀምሯል።

ለምን ሃያ ዓመት? ብዙ ምክንያት ይነገራል። እኔን የነካኝ የአናጢዎቹ ነው። በሃያ ዓመቱ ተለማማጅ ሆኖ የሠራ ልጅ፣ በአርባ ዓመቱ ዋና አናጢ ሆኖ ይሠራል፣ በስድሳው ቆሞ ያሳያል። ሕንፃው ሺህ ዓመት ቢቆም ኖሮ የሚሠራው እጅ ይጠፋ ነበር። ስለዚህ እጁ እንዳይጠፋ ሕንፃውን ያፈርሱታል! ተማሪዎቼ፣ ይህን ስሰማ መቀመጫ ፈልጌ ተቀመጥኩ። እኛ ዕቃውን ለማኖር ነው የምንጨነቅ። እነርሱ የተጨነቁት ዕቃውን የሚሠራውን ሰው ለማኖር ነው።

አሮጌው እንጨትስ ይጣላል? አይጣልም። ዋናዎቹ ምሰሶዎች ተላግተው መቅደሱ ፊት ባለው ድልድይ ጫፍና ጫፍ የቆሙ በሮች ይሆናሉ። ሃያ ዓመት እዚያ ካገለገሉ በኋላ ወደ ሌላ ከተማ ሄደው ደግሞ በር ይሆናሉ። አንድ ዛፍ፣ ሦስት ሕይወት።

ለአንድ ጊዜ ግንባታ ወደ ዐሥር ሺህ የሚጠጋ የሂኖኪ ግንድ ያስፈልጋል። የመቅደሱ ደን በቀደሙት ብዙ መቶ ዓመታት ተራቁቶ ስለነበር እንጨቱን ከሩቅ ተራራ ያመጡ ነበር። በ1923 ዕቅድ አወጡ፤ ደኑን እንደገና እንትከል፣ ለዋናው ምሰሶ የሚበቃ ዛፍ እስኪደርስ ሁለት መቶ ዓመት እንጠብቅ አሉ። ሁለት መቶ ዓመት! ያን ዕቅድ የፈረሙት ሰዎች ዛሬ በሕይወት የሉም። በ2013ቱ ሥራ ግን ከፊሉ እንጨት ከዕቅዱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከዚያው ደን ተቆረጠ። ለትልቅ ምሰሶ የታጩት ዛፎች ግንዳቸው ላይ ነጭ ቀለበት ተቀብቶባቸዋል። ሁለት ቀለበት ያለበት ዛፍ ሁለት መቶ ዓመቱን ይጠብቃል፤ ማንም አይነካውም።

ወገኖቼ፣ የወደድኩትን ብቻ ነግሬያችሁ ብወርድ አልዋሸሁም፤ ግን ሙሉ አይሆንም። ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ጉዞዬ ልናገር።

ከስድስት ዓመት በኋላ ስመለስ በቀጥታ የሄድኩት ወደ ሰንሴይ የሥራ ቤት ነው። ሰማንያ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። የሥራ ቤቱ ጸጥ ብሏል። ሦስት ተለማማጆች ነበሯቸው፤ አንዱ ብቻ ቀርቷል። ልጃቸው ቶኪዮ ቢሮ ውስጥ ይሠራል፤ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ወደ ቤቱ ይገባል። ጃፓኖች «ካሮሺ» የሚል ቃል አላቸው፤ በሥራ ብዛት መሞት ማለት ነው። ለእንዲህ ዓይነት ሞት ስም ያወጣ ሕዝብ ምን ያህል ቢያይ ነው? በመንደሩ ስሄድ ደግሞ የተዘጋ ቤት፣ ደግሞ የተዘጋ ቤት። በ2023 በተደረገው ቆጠራ በመላው አገሪቱ ሰው የማይኖርበት ቤት 9 ሚሊዮን ደርሷል። ያ ሁሉ በርከክ ተብሎ ጫማ የሚዞርበት ጌንካን፣ የሚገባ እንግዳ አጥቶ አቧራ ለብሷል። ብዙ አረጋውያን ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ብቻቸውን የሚሞቱም አሉ። እዚህ አገር ጎረቤት ሳያንኳኳ ሦስት ቀን አያልፍም። እርሱን ስነግራቸው ሰንሴይ «ያን ጠብቁት» አሉኝ። በዚያ ቀን ለእኔ የተናገሩት ብቸኛው ምክር ይኸው ነው። ስለ መጋዝ አልተናገሩም።

ባለቤቴ፣ «ደግሞ ምን ቀረህ?» ላልሽኝ መልሱ ይህ ነው። እኒህን ሰው ሳያርፉ ማየት ቀርቶኝ ነበር።

ልሰናበት ስል ሰንሴይ ከመደርደሪያቸው አንድ ነገር አወጡ። ይኸውና፣ ይዤው መጥቻለሁ። ከታች የበሰበሰ ምሰሶ ሲገጥማቸው ምሰሶውን አይጥሉትም፤ የበሰበሰውን ቆርጠው አዲስ እግር የሚቀጥሉበት መገጣጠሚያ ነው፤ «ካናዋ» ይሉታል። ምስማር የለውም። ኮላ የለውም። ከላይ ያለው አሮጌ እንጨት ነው፤ ከታች ያለው አዲስ። መካከሉ ላይ ያለችው ትንሽ ሽብልቅ ስትገባ ሁለቱም ይጠብቃሉ፤ ስትወጣ ይለያያሉ። ሽብልቋን እርሳቸው አልሠሯትም፤ ጎድሎ ነበር የሰጡኝ። «ሽብልቁን አንተ ሥራው፣ ከአገርህ እንጨት» አሉኝ። ከዋንዛ ሠራኋት። አራት ጊዜ አበላሽቼ በአምስተኛው ገባች።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ እመልሳለሁ። ከዚያ በፊት ግን ተማሪዎቼ ወደዚህ ቅረቡ፤ መገጣጠሚያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬዋለሁ። ሽብልቋን በዚህች ትንሽ የእንጨት መዶሻ ከግራ በኩል ቀስ ብላችሁ ምቷት። ፍቱት፣ እዩት፣ ዳስሱት። ፈትታችሁ ስትጨርሱ ግን ከኋላችሁ ለሚመጣው መልሳችሁ ግጠሙት።